አምስተኛው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ መዓዛ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። መዓዛ የመንገድና የድልድይ ንድፍ የምትሠራ መሐንዲስ ናት፤ ከወሩ ግማሹን ቢሮ፣ ግማሹን ገደልና ወንዝ ዳር ታሳልፋለች። አዲስ ኮምፒውተር ልትገዛ ሁለት መርጣ አንዱን መቁረጥ አቅቷታል። አንዱ ትልቅ ነው፤ ማንኛውንም ንድፍ ሳይንገዳገድ ይከፍታል፤ ቀኑን ሙሉ ተሸክመውት ከዋሉ ግን ትከሻ ይሰብራል። ሌላው ቀጭን ነው፤ ከደብተሮቿ መካከል ይገባል፤ ከባድ ንድፍ ሲያሸክሙት ግን ያቃስታል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ከማሽን ጋር የዞሩ ሰው ነዎት። የትኛውን ልግዛ?» አለችኝ።

«ነገ ልንገርሽ» አልኋት።

ለአንድ ኮምፒውተር አንድ ቀን ሙሉ ማሰቤ አስቋት ስልኩን ዘጋች። እኔ ግን ዱላዬን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። መስከረም ተጋምሷል፤ ጣና ከየወንዙ በተቀበለው ጎርፍ ደፍርሶ የሻይ ቀለም ይዟል። በዚህ ወቅት ውኃው እንዲህ ሲመስል እኔ ብዙ ጊዜ ከቤት አልወጣም። በዚያን ቀን ግን ወጣሁ፤ የመዓዛ ጥያቄ ለእኔ አዲስ ጥያቄ ስላልነበረ።

ጊዜው በሰባዎቹ ዓመታት ውስጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ በአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ሦስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ለባሕር ዳር ዘጋቢነት ተመደብሁ። ከመሄዴ በፊት የጽሕፈት መኪና እንድረከብ ተነገረኝና ንብረት ክፍል ገባሁ። ክፍሉን የያዙት ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት መኪናዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ። አንዱ ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚፈልግ ብረት ነው። ሁለተኛዋ እጀታ ያለው ሻንጣ ውስጥ የምትገባ ግራጫ ትንሽ መኪና ናት።

«ይኼ ትልቁ በአንድ ምት ስድስት ወረቀት ከነካርቦኑ ይበሳል» አሉኝ። «ስድስተኛውን ለሚኒስትር ብትሰጠው አታፍርበትም። ትንሿ እስከ ሦስት ድረስ ታማኝ ናት። ከሦስት በኋላ የምትጽፈው ጥላ ነው።»

«እኔ መንገደኛ ነኝ፣ ጋሽ ተሰማ። ይኼን ተሸክሜ ታንኳ ላይ ልወጣ ነው?»

«ታንኳ ላይ ምን ትጽፋለህ? ለጉማሬ ነው የምታመለክተው?»

አብረዋቸው የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ትንሿን ፈርሜ ወሰድሁ። በር ላይ ስደርስ ጋሽ ተሰማ ሦስት ጣታቸውን አንሥተው አሳዩኝ።

በአውቶቡስ ስጓዝ መኪናዋን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ጣራ ላይ ትጫን ሲሉኝ እምቢ አልሁ። ዓባይ በረሃ ውስጥ ሙቀቱ የሻንጣውን ብረት አግሎት ጉልበቴን ሲያቃጥለኝ እንኳ አላወረድኋትም። ወጣት ነበርሁ፤ የትም ቦታ ተቀምጬ መጻፍ የምችል ሰው መሆኔ ያኮራኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ የሚያኮራኝ ሌላ ነገር ብዙም አልነበረኝም።

የተወለድሁት እዚያው አቅራቢያ አንበሳሜ ስለሆነ ባሕር ዳር ለእኔ የሰው አገር አልነበረችም። ነገር ግን እናትና አባቴ አልፈዋል፤ እህቴ አዲስ አበባ አግብታ ቀርታለች። ከተማው ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በሥራዬ ነው። ሻይ ቤት ስገባ ጨዋታው ደርቶ እሰማለሁ፤ ወንበር ስቤ ስቀመጥ አንዱ ያስላል፣ ሌላው ስለ ዝናብ መናገር ይጀምራል። በእነዚያ ዓመታት ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሰው ከሩቅ ይታወቅ ነበር። አልፈረድሁባቸውም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ስለ ዝናብ ነበር የማወራው። እሑድ እሑድ ከዘንባባዎቹ ሥር ሥር እየሄድሁ እስከ ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ብቻዬን እየበላሁ እመለሳለሁ። ሳምንት ሙሉ ከሥራ ጉዳይ ውጭ ከማንም ጋር አሥር ቃል ሳልለዋወጥ ያለፈበት ጊዜ አለ።

ከዚህ ያወጣኝ የተከራየሁበት ግቢ ነው። ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ያከራዩኝ እማማ ዘሀራ ከወረታ ነጋዴ ቤተሰብ የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ሰውን የሚለዩት በድምፅና በአረማመድ ነው። ልጃቸው ሰይድ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ የአባቱን የክርና የጨርቅ መደብ ወርሶ ገበያ ይውላል፤ እናቱን የሚያኖረው እሱ ነው።

እኔ ክርስቲያን፣ እነሱ እስላም ስለሆንን ሥጋ አብረን አንበላም። ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ሰይድ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ገዝቶ ይመጣል፤ እማማ ዘሀራ በዘይት ጠብሰው ከዳጣ ጋር ያቀርቡታል፤ ሦስታችን ከአንድ ትሪ እንበላለን። እሳቸው እሾሁን በጣታቸው እየዳሰሱ ያወጡና የጠራውን ሥጋ ወደ እኔ በኩል ይገፉታል። «ብላ ልጄ፣ አንተ ሰው የለህም» ይሉኛል። ከበላን በኋላ ከሰይድ ጋር ዳማ እንጫወታለን። ብዙ ጊዜ ይረታኛል። መኪናዬን ሻንጣዋ ውስጥ ስከታት ሲያይ ሁልጊዜ አንድ ቀልድ ነበረችው፦

«አስተኛሃት? ሚስትህ ቀላል ናት፣ ወላሂ። የእኔይቱ ስትመጣ ሻንጣ የምትገባ ከሆነች አላገባም።»

«አንተን ማን ያገባሃል?» ይሉታል እናቱ። «መጀመሪያ ዳማውን ተወውና ወደ ሱቅህ ሂድ።»

እንዲህ እያልን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ኖርን።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሰይድ ወደ ገበያ እንደ ወጣ አልተመለሰም። የመደቡ ጎረቤት መጥቶ ነገረን፤ ለብሔራዊ ውትድርና ከተመለመሉት ጋር ተወስዷል። ምልምሎቹ ከከተማው ዳር ሰባታሚት በኩል ባለ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ሐሙስ ጠዋት መኪና ይመጣል። የቀበሌው ጥበቃ ለእማማ ዘሀራ አንድ መንገድ ጠቆማቸው፤ ለእናቱ ብቸኛ ጧሪ የሆነ ልጅ፣ ቀበሌው መስክሮ ማመልከቻ ከቀረበለት፣ ጉዳዩ ሊታይ ይችላል።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እማማ ዘሀራ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ያቺ መኪናህ የእኔን ወረቀት ትጽፋለች?»

ግቢው ውስጥ ከፓፓያው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አወጣሁ፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የምጽፈው ማመልከቻ ስለሆነ እንደ ዜና ነበር የያዝሁት፤ የተረጋገጠውን ብቻ። የአባቱ ስም፣ የሞተበት ዓመት፣ የዓይናቸው ሕመም፣ የሕክምና ካርዳቸው።

«ሌላ ልጅ አልወለዱም?»

«ሁለት ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ። ይህም ይጻፋል?»

«ይጻፋል።»

«እንግዲያ ስማቸውንም አስገባው። ከሰይድ በፊት የነበሩ ናቸው።»

አስገባሁት። ወረቀቱ ለአምስት ቦታ መድረስ ነበረበት፤ ለዋና አስተዳዳሪው፣ ለምልመላ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት፣ ለቀበሌው፣ በመጨረሻም መጋዘኑ ዘንድ መዝገብ ለያዘው ጸሐፊ። አምስት ነጭ ወረቀትና አራት ካርቦን ደርቤ ጎማው ላይ ጠቀለልሁ። መኪናዋ አጉረመረመች። እያንዳንዱን ፊደል በሙሉ ኃይሌ መታሁ። ክረምቱ ገና አልወጣምና ወረቀቱም እርጥበት ነበረው። ሁለት ጊዜ ልጽፈው፣ መጀመሪያ ሦስት ከዚያ ሁለት ላደርገው እችል ነበር። ወረቀት ነበረኝ። ካርቦን ነበረኝ። ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅብኝም ነበር።

አውጥቼ ለያየሁት። የመጀመሪያው ጥቁርና ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ይነበባሉ። አራተኛው ገርጥቷል። አምስተኛው ላይ እዚህም እዚያም ግራጫ ጭረት ይታያል፤ የቀረው ጭጋግ ነው።

ያኔ በእኛ አገር የጽሕፈት ሥርዓት ዋናው ለበላዩ ነው የሚሰጠው። ለአስተዳዳሪ ግልባጭ ሰጥቶ ለጸሐፊ ዋናውን መስጠት ድፍረት ነው፤ ማንም አያደርገውም። እኔም እንደ ማዕረጋቸው ደለደልሁ፤ ጥቁሩን ላይ፣ ከዚያ በየተራ ወደ ታች። አምስተኛውን እጄ ላይ ይዤ ለአፍታ አየሁት። በውስጤ ያልሁትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ለጸሐፊ ይበቃል» ነው ያልሁት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ስለ ሰይድ ያውቁ ነበርና ሳያንገራግሩ አምስቱንም ፈርመው ክብ ማኅተም መቱበት። ከዚያ ከእማማ ዘሀራ ጋር ከቢሮ ቢሮ ዞርን። በየቦታው ተጠባበቅን። ወረቀቱን ሳስረክብ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ክንዴን ይዘው ነበር፤ የማኅተም ድምፅ በሰሙ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ሰባታሚት ስንደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ የእሳቸው አንድ ጫማ ጭቃው ውስጥ ተነቅሎ ቀርቶ ተመልሼ ጎትቼ አወጣሁላቸው። ሳቁ። ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ የሳቁት ያኔ ነው።

ጸሐፊው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ አነጋገሩ የአስተማሪ የሚመስል ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ ወደ መስኮቱ ሄዶ ብርሃን ላይ ያዘው፤ አጋደለው።

«ጓድ፣ ይህ ምን ይላል?»

«ላነብልህ እችላለሁ። አንተ ይዘኸው ሳላየው እንኳ በቃሌ እነግርሃለሁ።»

«አንተማ ታነብልኛለህ። ፋይሉ ግን አንተን አይዝም። ነገ የሚመጣው ሹም "ይኼን ልጅ ለምን አስቀረኸው?" ሲለኝ ምን ላሳየው? ባዶ ወረቀት ከነማኅተሙ?»

«ዋናው አስተዳዳሪው ዘንድ ገብቷል።»

«እሳቸው ዘንድ የገባ እስከ ሰኞ አይወጣም። መኪናው ነገ ጠዋት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚነበብ ነገር አምጣልኝ። ማኅተም ያለበት። አንዲት የምትነበብ ወረቀት አምጣልኝና እኔ ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ። እናትየዋን አያቸዋለሁኮ፤ ዕውር አይደለሁም።»

በእጄ ልጻፈው አልሁት፤ ማኅተም ከሌለው አይሆንም አለ። እማማ ዘሀራን እዚያው ግድግዳ ሥር አስቀምጬ ሮጥሁ። በዚያ ጭቃ ከሰባታሚት እስከ ሹም አቦ እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም። ጠረጴዛው ከፓፓያው ሥር እንዳለ ነበር። አንድ ወረቀት ብቻ አስገብቼ መታሁ፤ ካርቦን የለ፣ ግልባጭ የለ። ከዚያች መኪና እንደዚያ የጠራ ጽሕፈት ወጥቶ አያውቅም። ቀበሌ ስደርስ ሊቀ መንበሩ የሉም። ለስብሰባ ከከተማ ወጥተዋል፤ ማኅተሙ በኪሳቸው ነው። የቀበሌ ማኅተም ያኔ ከሊቀ መንበሩ ኪስ አይለይም ነበር። ቀበሌ የቀረው አራተኛው ወረቀት በቁልፍ ተዘግቶበታል። ወደ ከፍተኛው ሮጥሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ መዝገብ ቤቱ ተዘግቷል፤ የምልመላ ኮሚቴው ቢሮም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ የምሮጥበት ቦታ አልነበረኝም።

ተመልሼ እማማ ዘሀራን ስወስዳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ነገ ጠዋት ቀደም ብለው ይመጡ ይሆን ሊቀ መንበሩ?»

«እንሞክራለን» አልሁ።

አልመጡም። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት የጭነት መኪናዎች ከመጋዘኑ ግቢ ወጡ። መንገዱ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ የየልጁን ስም ይጣራል። ሰይድ ሁለተኛው መኪና ላይ ነበር፤ አየኝ፤ እጁን አነሣ።

«ጋዜጠኛው! ዓሣውን ብቻህን እንዳትጨርሰው!»

አጠገቡ የነበሩት ልጆች ሳቁ። እማማ ዘሀራ ክንዴን ጨበጡኝ።

«የት ጋ ነው? የቱ ነው?»

«ነጭ ሸሚዝ የለበሰው። ከኋላ፣ ከቀኝ በኩል።»

እጃቸውን አንሥተው አውለበለቡ። መኪናው አልፎ ነበርና ያውለበለቡት ወደ ባዶው መንገድ ነው። ዞር በሉ አላልኋቸውም።

የማውቀውን ብቻ ልጻፍ። ሰይድ ሁለት ደብዳቤ ላከ፤ ሁለቱንም ለእናቱ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም። ሞተ የሚል ወረቀት አልደረሳቸውም። ተማረከ የሚልም፣ ጠፋ የሚልም አልደረሳቸውም። በሥራዬ በኩል በምችለው መንገድ ሁሉ ጠይቄ ነበር፤ መልስ አላገኘሁም።

እማማ ዘሀራ እኔን አልወቀሱኝም። እንዲያውም ለጎረቤት ሲናገሩ በመስኮት እሰማቸው ነበር፦ «ልጄ ጻፈልኝኮ። ጥሩ ወረቀት ነበር፤ ቀኑ ነው ያጠረብን።» ጸሐፊው የተናገረውን አጠገቤ ሆነው ሰምተዋል፤ ግን ጥፋቱን ለጽሕፈት መኪናዋ ሰጥተው ነበር። «ምን ታድርግ፣ ትንሽ ናት» ይሉ ነበር። ዓሣው እንደ ቀድሞው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ አሁን የሚገዛው እኔ ነኝ፤ የሚጠብሱት እሳቸው ናቸው። እሾሁን አውጥተው የጠራውን ወደ እኔ ይገፉታል። ዳማውን የሚነካው የለም። ከትሪው ሁለት ወገን ተቀምጠን ሐይቁ ላይ የሚነሣውን የከሰዓት ንፋስ እየሰማን እንበላለን።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከምግብ በኋላ ነገርኋቸው። መኪናዋ ከሦስት በላይ እንደማትችል ቀድሞ እንደተነገረኝ ነገርኋቸው። ሁለት ጊዜ ልጽፈው እችል እንደነበር ነገርኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡኝ።

«አምስተኛውን አይተኸው ነበር? ከመሄዳችን በፊት?»

«አይቼው ነበር።»

«እና?»

«ለጸሐፊ ይበቃል አልሁ።»

ከዚያ ትሪውን አንሥተው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ውስጥ ገቡ።

በሚቀጥለው የዓሣ ቀን በሬ ተንኳኳ። «አቶ ታደለ፣ ምሳዎ በር ላይ ነው» አሉኝ። ስከፍት አንድ ሳህን መሬት ላይ፣ በሌላ ሳህን ተከድኖ ተቀምጧል። እሾሁ አልወጣም። ከዚያ ወዲያ እዚያ ግቢ ሌላ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። ሰላምታ አላጓደሉብኝም፤ ምግብ አላጓደሉብኝም፤ ስታመም ሾርባ ልከውልኛል። «ልጄ» ግን አላሉኝም። ለሁሉም ተከራይ እንደሚነገረው «አቶ ታደለ» ሆንሁ። መልቀቅ ነበረብኝ ይሆናል። ገበያ የሚያደርሳቸው፣ ዓሣ የሚገዛላቸው ሌላ ሰው ስላልነበረ አልለቀቅሁም። ሁለት ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ለየብቻ ኖርን።

ትልቁን የጽሕፈት መኪና በኋላ ከአዲስ አበባ ሊልኩልኝ ጠይቀውኝ ነበር። አልፈለግሁም። ከትንሿ ጋር እስከ መጨረሻው ሠራሁ፤ አራተኛ ወረቀት በሚያስፈልግበት ጊዜ ሁሉ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ጻፍሁ። የዝግጅት ክፍል ባልደረቦቼ «ካርቦን የሚቈጥብ ሰው» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገርኋቸውም።

ከሐይቁ ዳር በተመለስሁ በማግስቱ ለመዓዛ ደወልሁላት። «ቀጭኑን ግዢ» አልኋት። ከቤት የማይወጣ ኃያል ማሽን ድልድዩ ዘንድ አይደርስም፤ የሚያስፈልገው ደግሞ እዚያ ነው። እኔም ዛሬ ቢጠይቁኝ ትንሿን እመርጣለሁ። ትልቁን መርጬ ቢሆን ኖሮ ያን ረቡዕ ጠዋት መኪናው ቢሮ ተቈልፎበት ይሆን ነበር፤ እማማ ዘሀራ የልጆቻቸውን ስም ከፓፓያው ሥር ተቀምጠው አይነግሩኝም ነበር። «ግን የማይችለውን ጠይቀሽ ዕወቂ» አልኋት። «እዚያ ስትደርሺ ከእሱ አትጠብቂ። የጐደለውን በራስሽ ጊዜ ሙዪው። በተለይ የምትልኪለት ሰው ታናሽ ነው ብለሽ አትተዪው።»

«ጋሼ፣ ይኼ የኮምፒውተር ምክር ነው?»

ስለዚህ ከላይ የጻፍሁትን ነገርኋት። ከእማማ ዘሀራ ሌላ ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነው።

«ሴትዮዋ በኋላ ይቅር አሉዎት?» አለችኝ።

«አልጠየቅኋቸውም።»

«እስኪሞቱ ድረስ?»

«እስኪሞቱ ድረስ።»

አርባ ዓመት ያህል እንግዳ ሰው በር እያንኳኳሁ፣ ሊመልስ የማይፈልገውን ጥያቄ ስጠይቅ የኖርሁ ነኝ። እሳቸው በር ላይ ግን፣ ባዶውን ሳህን ልመልስ በሄድሁ ቁጥር፣ ሳህኑን አቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተመለስሁ።